የአንባቢያን ጥያቄ፦ ድንቁ ነገር ምን ያስከፍላል?

የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ምናባዊ ልቦለድን ስለ መጻፍ ከአንባቢያን የደረሱትን ጥያቄዎች ሰብስቦ በዚህ አምድ እንድመልስባቸው ሰጥቶኛል። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። ስለ ኅትመት ከጠየቃችሁኝ ይልቅ ስለ አስማት የጠየቃችሁኝ ይበዛሉና ሚዛኑ ወደዚያ ቢያደላ አትፍረዱብኝ።

«የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ እንደ ሆነ ሰምቻለሁ። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና በአስፋልት መካከል እየኖሩ ስለ ዘንዶና ስለ ስውር መንግሥታት የሚጽፉት ሐሳቡን ከየት አምጥተው ነው? ከልጅነት ተረት ነው ወይስ ከውጭ ፊልም?» — አንዲት አንባቢ፣ ከሰሚት

ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት አለበት፤ ዋናው ምንጭ ግን ከደጄ ቆሜ የማየው አገር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከእኛ ሰፈር በምሥራቅ በኩል የረር፣ በደቡብ በኩል ደግሞ ዝቋላ ይታያሉ። ዝቋላ ከፍታው ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ፣ በአናቱ ላይ ሐይቅ የያዘ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር ይኖሩ እንደ ነበር፣ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረት እየለመኑም በዚያ ሐይቅ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቀው 100 ዓመት እንደ ጸለዩ በገድላቸው ይነገራል፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ምእመናን ተራራውን ሲወጡ የሚያስቡትም ይህንኑ ነው። እኔ ገድሉን ወስጄ ልቦለድ አላደርገውም፤ የብዙ ሰው እምነት ስለሆነ ባለበት በክብር ይቀመጥ ዘንድ እተወዋለሁ። ይዤ የምሄደው ታሪኩ በውስጤ የሚያስነሣውን ጥያቄ ነው፦ አንድ ሰው ለሕዝብ ሲል 100 ዓመት ከከፈለ፣ ያ ሕዝብ የተከፈለለትን ሳያውቅ በሰላም ሊኖር ይችላልን? ከዚህ ጥያቄ ተነሥቼ ቅዱስ የሌለበት፣ ተራራውም ዝቋላ ያልሆነ ሌላ ዓለም መሥራት እችላለሁ።

ሁለተኛው ምንጭ የብራና ክታብ ነው። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ከሰበሰባቸው ቅርሶች መካከል ደብተራዎች ይጽፏቸው የነበሩ ጥቅል ክታቦች ይገኙባቸዋል፤ ዕድሉን ያገኘ ጀማሪ ሁሉ ሄዶ ቢመለከታቸው እመክራለሁ። ክታቡ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ የተዘጋጁ ቁራጮች ተሰፍተው የሚሠራ ሲሆን፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይለካ ነበር። በላዩ ዓይናማ ጠልሰሞች ይሣሉበታል፤ ሕፃናትን ትገድል የነበረችውን ውርዝልያን ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረሱ አሳድዶ በጦር የወጋበት ታሪክም በብዙዎቹ ላይ ይገኛል። ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ግን የባለቤቱ የክርስትና ስም በጽሑፉ መካከል መግባቱ፣ ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍም የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም የሚጻፍበት መሆኑ ነው። ስሙ ተፍቆ የጠፋው ሰው ከዚያ በኋላ ማን ይጠብቀዋል? ይህን ያህል ነገር በአንድ ቁራጭ ብራና ላይ ተጽፎ እያለ፣ ታሪኩን ሁሉ ከውጭ ፊልም ለመቅዳት የሚቸኩል ጸሐፊ ያሳዝነኛል።

ፊልሙን ግን አልንቀውም፤ አንድን ትዕይንት የት መቁረጥ እንደሚገባ ብዙ አስተምሮኛል። ከአፍሪካ ደግሞ ናይጄሪያዊው አሞስ ቱቱኦላ የዮሩባን ተረት ተመርኩዞ የጻፈው የመጀመሪያ ረጅም ልቦለዱ በ1952 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ መታተሙን ማስታወስ ይበቃል። የሌላውን አገር ዘንዶ መዋስ ግዴታ እንዳልሆነ ከታወቀ እነሆ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል።

«የ14 ዓመት ልጄ የእርስዎን ዓይነት መጻሕፍት ሲያነብ ያመሻል። አስማት፣ ጠንቋይና መንፈስ ስለሚበዛባቸው ለእምነቱ እሰጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?» — እናት፣ ከለገጣፎ

ስጋትዎን አላቃልለውም። በአገራችን ጠንቋይ ቤት ገንዘቡን አፍስሶ የሚመለስ ሰው ዛሬም አለ፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛ ከመጽሐፍ ገጽ ያለፈ ነው። እኔ በበኩሌ የጠበቅኋቸው ወሰኖች አሉ፤ የቅዱሳንንና የመላእክትን ስም ለገጸ ባሕርይ አልሰጥም፣ እውነተኛ የክታብ ጸሎትም ሆነ የማንኛውም ሃይማኖት ጸሎት በልቦለድ ውስጥ እንደ ድግምት አላስገባም። ልጅዎ የሚያነበው መጽሐፍ የማን እንደ ሆነ ስለማላውቅ ስለ ሌሎች ጸሐፊዎች ማረጋገጫ ልሰጥዎ አልችልም፤ ከእርሱ ጋር ጥቂት ምዕራፍ አብረው ያንብቡና ገጸ ባሕርዩ ኃይሉን ያገኘው ምን ከፍሎ እንደ ሆነ ይጠይቁት። ጥሩ መጽሐፍ ከሆነ ልጁ መልስ አያጣም። ኃይሉ በነጻ የተገኘና ማንም የማይጠየቅበት ከሆነ፣ የእርስዎ ቅሬታ የእኔም ቅሬታ ነው።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር መኖሩን ልጨምር። በብዙ አካባቢ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው «ቡዳ» እየተባሉ፣ ሌሊት ወደ ጅብ ይለወጣሉ እየተባለ እየተወራባቸው፣ ከጋብቻና ከማኅበር ተገልለው ኖረዋል። ወጣት ጸሐፊዎች ይህን እምነት ያለ ማስተዋል አንሥተው፣ አንጥረኛውን ጭራቅ ሲያደርጉት አያለሁ። ቃሉ በእውነተኛ ሰዎች ላይ ጉዳት ያደረሰ ስለሆነ፣ ወደ ጅብ የሚለወጥ ገጸ ባሕርይ የሚያስፈልገው ጸሐፊ ቢያንስ ከቤተ መንግሥቱ ወገን ይፈልግለት። ታሪኩም ይበልጥ ያምርለታል።

«ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጀግናዬ እሳት ይተፋል፣ ይበራል፣ ከሞትም ይነሣል። እኔ ስጽፈው ደስ ይለኛል፤ ጓደኞቼ ግን ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ ሰለቸን አሉኝ። ምን ልጨምርበት?» — ከኮዬ ፈጬ

ምንም አትጨምርበት፣ ቀንስለት። ጓደኞችህ የሰለቹት ጀግናህ ሊሸነፍ እንደማይችል ስለገባቸው ነው፤ እንደማይሸነፍ ካወቁ በኋላ የሚያነቡት ውጊያ ሁሉ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ግጥሚያ ይሆንባቸዋል።

ስለ አርዌ የሚነገረውን አፈ ታሪክ ሰምተህ ይሆናል። አርዌ የተባለው ዘንዶ 400 ዓመት በአክሱም ምድር ነግሦ ሕዝቡ ልጃገረዶችን ይገብርለት ነበር፤ አንጋቦ የሚባል ሰው መጥቶ ገደለውና በምትኩ ነገሠ። እንዴት ገደለው? በጎራዴ ተጋፍጦ አይደለም፣ መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ ነው። ሕዝቡ ያንን ታሪክ ለዘመናት ያልረሳው አንጋቦ ከዘንዶው ያነሰ ጉልበት ስላለው ይመስለኛል። ዘንዶው መብላት አለበት፤ ድክመቱ ያ ነው። የአንተ ጀግናም ሆነ ጠላቱ ያለ እርሱ የማይኖሩበት አንድ ነገር ይኑራቸው፣ ታሪኩንም በዚያ ነገር ዙሪያ አስኪደው።

ኃይሉን ስትሰጠው ደግሞ ሒሳብ ያዝበት። ከታሪካችን አንድ ምሳሌ ልስጥህ። አሞሌ ጨው እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በገበያችን እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ጨው በአፋር ዝቅተኛ ቦታ ተቆርጦ በግመልና በአጋሰስ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ከምንጩ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል። ጨው ቆራጩ በበረሃው ሐሩር ተቃጥሎ ያወጣው ነገር ለእርሱ ርካሽ ነው፤ ወሩን ሙሉ መንገድ ከተጓዘ በኋላ በሩቅ ገበያ ላይ የባለጠጋ ሀብት ይሆናል። አሁን በጨው ፈንታ የአንተን አስማት አስገባበትና አስብ። አስማቱ የሚመነጨው ከአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ቦታውን የያዘው ማን ነው? ተሸካሚዎቹ እነማን ናቸው? በመንገድ ላይ ቀረጥ የሚቀበለው የትኛው ባላባት ነው? ምንጩ አጠገብ የሚኖሩት ለምን ድሆች ሆኑ? እነዚህን ስትመልስ ከተሞች፣ ሽፍቶች፣ ጦርነቶችና የፍቅር ታሪኮች ሳትጠራቸው ይመጣሉ፤ እሳት የሚተፋ ጀግና ግን አንዱንም አያመጣልህም።

ሕጉን ካወጣህ በኋላ አንተም ተገዛለት። በመጨረሻው ምዕራፍ ጀግናውን ከሞት ለማዳን ስትል ያልነገርኸንን አዲስ ኃይል ብታወጣ አንባቢ እንደ ተታለለ ይቆጥረዋል፤ ልክም ነው። ሕጉ ከበደብኝ ካልህ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተመልሰህ እዚያው አስተካክለው። ከሞት መነሣቱን በተመለከተ፣ ቢነሣም አንድ ነገር እዚያ ትቶ ይነሣ፤ ምን እንደሚተው አንተ ወስን።

«የገጸ ባሕርያትንና የቦታዎችን ስም እንዴት ያወጣሉ? እኔ የማወጣቸው ስሞች ሁሉ የውጭ መድኃኒት ስም ይመስላሉ።» — አንባቢ፣ ከሰበታ

በጠረጴዛዬ ላይ ሦስት መዛግብተ ቃላት አሉ፦ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ በ1951 ዓ.ም. የታተመው የተሰማ ሀብተ ሚካኤልና በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ። የተረሳ ግሥ እፈልግና ከእርሱ ስም አወጣለሁ፤ ሥሩ የእኛ ስለሆነ አንባቢው ቃሉን ባያውቀው እንኳ ጆሮው አይሸሸውም። ያወጣሁትን ስም ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ፤ አንዲት እናት ልጇን ከደጅ ለመጥራት የማትችልበት ስም ከሆነ እጥለዋለሁ።

ከስም ይልቅ ብዙዎች የሚዘነጉት ማዕረግን ነው። አጋፋሪ፣ ሊጋባ፣ በጅሮንድ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ የሚሉት የቤተ መንግሥት ማዕረጎች ለአማርኛ አንባቢ አንድ ገጽ ማብራሪያ ያስቀራሉ። በፈጠራችሁት መንግሥት ውስጥ በጅሮንዱ በሌሊት ቁልፍ ይዞ ሲሮጥ ከታየ፣ ግምጃ ቤቱ እንደ ተነካ አንባቢው ወዲያው ይገባዋል። እንዲህ ያለ ሀብት እያለ ገጸ ባሕርይን «ሰር» ማለት ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም። የቦታ ስምን በተመለከተ፣ በእናንተም ሆነ በእኛ አካባቢ አብዛኛው የተራራና የወንዝ ስም የኦሮምኛ ስለሆነ፣ ከመጠቀማችሁ በፊት ትርጉሙንና ከስሙ ጋር የሚነገረውን ታሪክ የአካባቢውን አባቶችና እናቶች ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከጠየቃችሁት በላይ ይነግሯችኋል።

«በቀን ስንት ሰዓት ይጽፋሉ? መብራት ሲጠፋስ? በእጅ ነው ወይስ በኮምፒውተር?» — ከአቃቂ፣ ከገላንና ከአያት የመጡ ጥያቄዎች

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ሰፈሩ ሥራ እስኪገባ ድረስ እጽፋለሁ። በዚያ ሰዓት ማንም አይደውልም፤ የግንባታ ማሽኑም ገና አልተነሣም። የመጀመሪያውን ረቂቅ በእስክርቢቶ በደብተር ላይ እጽፋለሁ። ይህን የማደርገው መብራት ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም፤ ወደ ኮምፒውተር ስገለብጠው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደገና ለመጻፍ ስለምገደድ ደካማው በዚያው ስለሚቀር ነው። ሌላው ልማዴ ትዕይንቱን ሳልጨርስ ማቆም ነው። ቀጥሎ የሚሆነውን እያወቅሁ ደብተሩን ስዘጋው ነገ የምጀምርበት አለኝ።

ከጽሕፈቱ እኩል የምቆጥረው የአውቶቡስ መንገድ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው ጉዞ ረጅም ስለሆነ የሰው አነጋገር ይሰማበታል፤ አንድ ሰው በስልክ ስለ ዕዳ ሲከራከር፣ ሁለት ሴቶች ስለ ሠርግ ወጪ ሲያንሾካሹኩ፣ ረዳቱ ከተሳፋሪ ጋር ስለ መልስ ሲጣላ። የጥንት ንጉሥ ዕዳውን ሲክድ የሚናገረውን ያገኘሁት ከእንደዚህ ያለ የስልክ ንግግር ነው። በምናባዊ ልቦለድ ውስጥ ዓለሙ እንግዳ ቢሆንም ሰዎቹ የሚነጋገሩት እንደምናውቃቸው ሰዎች ካልሆነ አንባቢው የሚይዘው ነገር ያጣል። ስለ ሙዚቃ ለጠየቃችሁኝ፣ ስጽፍ አልሰማም።

«የጨረስኩት መጽሐፍ አለ። እንዴት ላሳትም? ሰው ቢሰርቀኝስ?» — ከቡራዩ

በአገራችን ብዙ ጀማሪ ደራሲ የማተሚያ ቤቱን ወጪ ከራሱ ኪስ ከፍሎ፣ ከዚያም ለአከፋፋይ ድርሻ ሰጥቶ መጽሐፉን ገበያ ላይ ያወጣል። ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ከአንድ በላይ ማተሚያ ቤት ዋጋ ይጠይቁ፤ ዋጋው በገጹ ብዛትና በወረቀቱ ዓይነት ስለሚለያይ ረቂቁን ማሳጠር ለሥነ ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ለኪስዎም ይጠቅማል። ከአከፋፋዩ ጋር የሚያደርጉት ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፣ ያልተሸጠው መጽሐፍ መቼ እንደሚመለስም ይገለጽበት።

ስርቆትን በተመለከተ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብቱን ይጠብቅለታል። አዋጁ የሚጠብቀው ግን የጻፉትን ሥራ እንጂ ሐሳቡን አይደለም፤ «በተራራ ላይ ያለ ሐይቅና የሚጠብቀው ሰው» የሚለው ሐሳብ የማንም ነው። እንዲያውም ሐሳቡን የሚሰርቅ ከመፍራት ይልቅ ረቂቁን የሚያነብልዎ ሰው ማጣትን ይፍሩ።

«ብዙ ጊዜ እጀምራለሁ፣ ካርታ እሥላለሁ፣ የነገሥታቱን የትውልድ ሐረግ እጽፋለሁ፤ ታሪኩን ግን አልጨርስም። ከየት ልጀምር?» — ጀማሪ ጸሐፊ፣ ከሱሉልታ

ካርታውን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ይክተቱት። ካርታ መሥራት ደስ ስለሚል፣ ሰው ሥራ የሠራ እየመሰለው ወራት ያልፋሉ። አጭር ልቦለድ ይጻፉ፦ በፈጠሩት ዓለም ውስጥ የአንድ ቀን ታሪክ፣ አንድ ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ከቤቱ ወጥቶ ዋጋ ከፍሎ የሚመለስበት ወይም የማይመለስበት። ቀኑን ለመምረጥ ከተቸገሩ ከጳጉሜን ቀናት አንዱን ይውሰዱ። አምስት፣ በየአራት ዓመቱም ስድስት ቀን ብቻ ያላት ወር በቤታችን እያለች፣ በጳጉሜን 3 ሰማይ ይከፈታል ተብሎ ሕፃናት በዝናብ እየታጠቡ ሲያድጉ፣ አስደናቂ የዘመን አቆጣጠር ከሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም። በዓለምዎ ውስጥ ያች ስድስተኛ ቀን በምትመጣበት ዓመት ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ቢኖር፣ ያን ቀን የሚጠብቅ ሰው ማን ይሆን? እርሱን ይከተሉት።

ንባብን በተመለከተ፣ መጻሕፍት መግዛት ለሚከብደው ሰው በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክርና በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አሉ። ከሱሉልታ ለሚመጣ ሰው እንጦጦን ተሻግሮ መውረድ ቀን እንደሚወስድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሲመጡ የሚፈልጉትን ርዕስ ይዘው ይምጡ። የምናብ ጽሑፍ ብቻ አያንብቡ፤ የተጓዦችን ማስታወሻ፣ የገበያና የግብር ታሪክ፣ የቤተ መንግሥት ሥርዓትን የሚገልጹ መጻሕፍትን ይመልከቱ። አሞሌን ከተረት አላገኘሁትም።

አጭሩ ልቦለድ ሲያልቅ ለሦስት ሰዎች ይስጧቸው፤ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ይህን ዓይነት ጽሑፍ የማይወድ ይሁን። «እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቋቸው፤ በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ይሉዎታል። ይልቁን እርሳስ ይስጧቸውና ማንበብ ያቆሙበትን፣ ሻይ ለመቅዳትም ሆነ ስልክ ለማየት የተነሡበትን ቦታ ሁሉ በዳር በኩል እንዲያሰምሩ ይንገሯቸው። ሦስቱም በአንድ ገጽ ላይ ካሰመሩ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው በዚያው ገጽ ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ገጽ በፊት ነውና ወደ ኋላ ተመልሰው ከዚያ ያርሙ።